የሞገድ ትምህርት ለዳቡስና ለበለስ

ከአሶሳ ከተማ ተነሥቶ የባሕር ሞገድ ማየት የሚሻ ሰው አገሪቱን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አቋርጦ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ ጅቡቲ መድረስ ይኖርበታል። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። እንግዲህ ከባሕር ሞገድ ኤሌክትሪክ ስለማመንጨት ለመናገር አሶሳ ላይ መቆም ለምን አስፈለገ ብትሉ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። መልሴን አስቀድሜ ላቅርብ። የዓለም መሐንዲሶች ሞገድን ለመግራት ከ50 ዓመት በላይ ደክመው ያተረፉት ትልቁ ዕውቀት፣ ጠባዩ ከማይጨበጥ ውኃ ጋር የሚኖር ማሽን እንዴት መሠራት እንዳለበት ነው። ያ ዕውቀት ጨው ያለውንና የሌለውን ውኃ አይለይም። ዳቡስ፣ በለስና ወደ ዓባይ የሚወርዱ ሌሎች ወንዞቻችን ከታላቁ ግድብ ጎን ለጎን ሊሰጡን የሚችሉትን ነገር በግልጽ ለማየት ከዚያ ትምህርት የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ሞገድ የነፋስ ልጅ ነው፤ ነፋስ ደግሞ ፀሐይ ምድርን እኩል ስለማታሞቃት የሚነሣ ነው። ነፋሱ በባሕሩ ፊት ላይ ሲሄድ ጉልበቱን ለውኃው ያስረክባል። ውኃው ባለበት ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ሩቅ አይሄድም፤ ሺህ ኪሎሜትር አቋርጦ ዳርቻ የሚደርሰው ጉልበቱ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ሆኖ በየ8 ሴኮንዱ የሚመላለስ ሞገድ በእያንዳንዱ ሜትር ወርዱ ወደ 16 ኪሎዋት ይዞ ይመጣል። ይህ ቀላል ሀብት አይደለም። ችግሩ የሞገድ ጉልበት ከቁመቱ ጋር አብሮ በቀጥታ አለማደጉ ነው፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ማዕበል ተነሥቶ ሞገዱ 10 ሜትር ሲደርስና በየ12 ሴኮንዱ ሲመላለስ፣ ያው አንድ ሜትር ወርድ ወደ 590 ኪሎዋት ይሸከማል። ይህ ከዘወትሩ 37 እጥፍ ያህል ነው። የባለማሽኑን ወጪ የሚመልስለት የዘወትሩ ሞገድ ሲሆን፣ ማሽኑን የሚሰብርበት ግን በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚመጣው ማዕበል ነው። ለ16 ኪሎዋት ገቢ ሲባል 590 ኪሎዋት የሚችል ብረት መግዛት ማለት ነው። የሞገድ ኤሌክትሪክ ታሪክ በሙሉ ከዚህ ሒሳብ ጋር የተደረገ ትግል ነው።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ዢራር የተባሉ አባትና ልጅ ፈረንሳውያን በሞገድ ለሚሠራ ማሽን የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1799 ፓሪስ ላይ ነበር። ጃፓናዊው ዮሺዮ ማሱዳ ደግሞ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለመርከቦች ምልክት የሚሰጡ ተንሳፋፊ መብራቶችን በሞገድ ጉልበት አበራ። ነገሩ ከፍ ያለ ትኩረት ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ነው። በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ስቲቨን ሶልተር በ1974 «ዳክዬ» የሚባለውን ማሽን አስተዋወቀ፤ በሙከራ ገንዳ ውስጥ ዳክዬው የሞገዱን አብዛኛውን ጉልበት ይቀበል ነበር። በሙሉ መጠኑ ተሠርቶ ግን ባሕር ላይ አልዋለም። ከእሱ ትውልድ በኋላ የመጣው፣ ቀይ እባብ የሚመስለው «ፔላሚስ» በ2004 ከስኮትላንድ ባሕር ለኤሌክትሪክ መረብ ኃይል አቀበለ። በ2008 ሦስቱ፣ እያንዳንዳቸው 750 ኪሎዋት የሚያመነጩ፣ ፖርቱጋል ባሕር ላይ ተሰማሩ። ጥቂት ወራት ሳይሞላቸው ወደ ወደብ ተመለሱ፤ ኩባንያውም በ2014 ዕዳውን መሸከም አቅቶት ተዘጋ። ፔላሚስን ያሸነፈው የፊዚክስ ሕግ አልነበረም። የባሕሩ መካከል ለጠጋኝ እጅ ሩቅ ነው፤ አንድ ማጠፊያ ሲያስቸግር መርከብ ተከራይቶ፣ የአየሩን ጠባይ ጠብቆ፣ ጎትቶ ማምጣት ይጠይቃል። ገንዘቡም ትዕግሥቱም ያለቀው በዚያ መንገድ ላይ ነው።

አዲሶቹ አካሄዶች ከዚህ ውድቀት የተወለዱ ናቸው፤ ትኩረታቸውንም «ከሞገዱ ምን ያህል እንወስዳለን?» ከሚለው ጥያቄ ወደ «ማሽኑ እንዴት ይተርፋል፣ ማንስ ይደርስለታል?» ወደሚለው አዙረዋል። በስፔን ባስክ ምድር የምትገኘው ሙትሪኩ ወደቧን ከማዕበል የሚከልል ግንብ ልትገነባ ስትነሣ፣ ከግንቡ ጋር 16 ባዶ ክፍሎች አብረው ተሠሩ። ሞገዱ ከታች ገብቶ በክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር ሲገፋና ሲስብ አየሩ ተርባይን ያዞራል፤ ውኃው ራሱ ተርባይኑን አይነካውም። አጠቃላይ አቅሙ 296 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ዓመታትን ተሻግሮ ሲያመነጭ ቆይቷል፤ ጠጋኙም በእግሩ ሄዶ ይደርስበታል። የግንቡ ዋና ወጪ ደግሞ ወደቡ ለራሱ ጉዳይ ሊያወጣው የነበረ ነው። «ኢኮ ዌቭ ፓወር» የተባለው ኩባንያ በበኩሉ ተንሳፋፊዎቹን ከወደብ ግንብ ጋር በክንድ ያያይዛቸዋል። ሞገዱ ሲያነሣቸውና ሲጥላቸው ዘይት በቧንቧ ይገፋሉ፤ ጄኔሬተሩ፣ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑና ውድ የሆነው ዕቃ ሁሉ ያለው ደረቅ መሬት ላይ ነው። ማዕበል ሲመጣ ክንዶቹ ተንሳፋፊዎቹን ከውኃው አውጥተው ይይዟቸዋል። ያፋ ወደብ ላይ በዚህ መንገድ የተተከለው 100 ኪሎዋት በ2023 ከመረብ ጋር ተገናኝቷል። «ኮርፓወር» የተባለው የስዊድን ኩባንያ ደግሞ ከዳርቻ ርቆ ለመሥራት ቢደፍርም፣ ማሽኑን ማዕበሉ ሲበረታ ከሞገዱ ምት ጋር መስማማቱን እንዲያቆም አድርጎ ሠራው፤ በ2023 መጨረሻ በዚያው በፖርቱጋል ባሕር 18 ሜትር ተኩል የደረሰ ሞገድ አልፎበት ተረፈ። ሦስቱም አንድ ጥበብ ይጋራሉ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ገለል ማለት።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ክልላችን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ኃይል አላነሰውም። ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ዞሮ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ13 ተርባይኖች 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቁመቱ 145 ሜትር፣ ርዝመቱ 1,780 ሜትር ነው፤ ንጋት ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ለዚህ ሐይቅ ከቀያቸው ከተነሡት መካከል የጉሙዝ ማኅበረሰቦች ይገኛሉ፤ ገንዘቡን ያዋጣው የመላው አገሪቱ ሕዝብ ነው። ይህንን ሥራ ማንም አያሳንሰው። ይሁንና በዚያው ክልል ውስጥ የግድቡ መስመር በራሳቸው ላይ እያለፈ ማታ በኩራዝ የሚያመሹ መንደሮች አሉ፤ «ሽቦው በላያችን እያለፈ ለምን አይበራልንም?» የሚለው ጥያቄም በቀና ልብ የሚጠየቅ፣ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

መልሱ እንዲህ ነው። ከጉባ በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ የሚደርሰው መስመር 500 ኪሎቮልት ይሸከማል። ኤሌክትሪክ ሩቅ አገር ሳይባክን የሚደርሰው ቮልቴጁ እጅግ ከፍ ሲል ብቻ ነው። የእኛ አምፖል ደግሞ የሚፈልገው 220 ቮልት ነው። በሁለቱ መካከል ትልቅ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከዚያ 33 ወይም 15 ኪሎቮልት የሚሸከም የገጠር መስመር፣ ከዚያ ትንሹ ትራንስፎርመር፣ ከዚያም የቤት ሽቦ ያስፈልጋል። ጣቢያው የሚተከለው ብዙ ተጠቃሚ ባለበት ስፍራ ነው፤ ወጪው ለ60 ቤት የሚቀመስ አይደለም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወደ 50,000 ስኩዌር ኪሎሜትር የሚሰፋ ምድር ሲሆን፣ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪው 784,345 ነበር፤ በአንድ ስኩዌር ኪሎሜትር 16 ሰው ገደማ ማለት ነው። ሕዝብ በተራራቀበት አገር እያንዳንዱ ምሰሶ የሚያገለግለው ጥቂት ቤት ነው። መንግሥት ራሱ ይህን ያውቃል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም የአገሪቱን 35 በመቶ ሕዝብ መጀመሪያ የሚደርሰው ከዋናው መረብ ውጪ በሚመነጭ ኃይል እንዲሆን አቅዶ ነበር።

የሞገድ ትምህርት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ግድብ ሳይሠራ፣ ወንዝ ሳይጠለፍ፣ የወንዙን ሩጫ ብቻ ተጠቅሞ የሚዞር ተርባይን አለ፤ ነፋስ የሚያዞረውን ማሽን ውኃ ውስጥ እንደ መንከር ያለ ነው። የሞገዱና የወንዙ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ አንድ ቤት ናቸው። ሊሴኪል ባሕር ላይ ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ የሞገድ ማመንጫ የሞከረው የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በ2013 ሶደርፎርስ በተባለ ስፍራ በወንዝ ውስጥ 7 ኪሎዋት ተኩል የሚሰጥ ተርባይን ተክሏል። የተተከለበት ቦታ ከአንድ የውኃ ኃይል ግድብ በታች ነው፤ ግድቡ ተጠቅሞበት የለቀቀውን ውኃ ሩጫ ዳግመኛ ሥራ ላይ ለማዋል የተደረገ ሙከራ ነበር። አላስካ ውስጥ ኢጊዩጊግ የምትባል፣ ነዋሪዎቿ ከመቶ የማይበልጡ መንደር በናፍጣ ጄኔሬተር ትኖር ነበር፤ ዛሬ ክቪቻክ ወንዝ ውስጥ የተኛ 35 ኪሎዋት የሚያመነጭ ተርባይን ያግዛታል። ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የጁባው ነው። ፒተር ጋርማን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በነጭ ዓባይ ላይ በታንኳ መሳይ ተንሳፋፊ የተሸከመ ተርባይን ሠርተው፣ በገመድ ከዳር ካለ ምሰሶ ጋር አስረው፣ ውኃ እየሳቡ የአትክልት ማሳ አጠጡ። ማሽኑን ለመጠገን ገመዱን ስቦ ወደ ዳር ማምጣት ይበቃል። ፔላሚስ ከዚያ ሁሉ ገንዘብ ጋር ያጣው ይህንን ነበር።

አኀዙን በግልጽ እንየው፤ የተስፋ ቃል ብቻ ሰጥቶ መሄድ ለሕዝብ አይበጅም። የወንዝ ሩጫ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር ሲተያይ ከሞገድም የባሰ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር 500 ዋት ይሸከማል፤ በ2 ሜትር ሲሮጥ 4,000 ዋት። ከዚህ ውስጥ ጥሩ ተርባይን ሲሶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጥ ደግ ነው። ወርዱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር የሆነ ተርባይን በሴኮንድ 1 ሜትር ተኩል በሚሄድ ወንዝ ውስጥ ወደ 3 ኪሎዋት ይሰጣል። 3 ኪሎዋት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ በወጉ አያግልም። ነገር ግን ወንዙ ሌሊትና ቀን ስለማይተኛ በ24 ሰዓት 72 ኪሎዋት ሰዓት ይጠራቀማል፤ ይህ የጤና ኬላውን የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የትምህርት ቤቱን መብራትና የመቶ ቤት አምፖልና ስልክ ይሸፍናል። ምጣዱን ለዋናው መስመር እንተውለት።

ታዲያ የትኛው ወንዝ? ሁሉም አይሆንም። በበጋ ድንጋዩ የሚታይ ጅረት ክረምት ላይ ቢያገሳ ዋጋ የለውም፤ ስድስት ወር ቆሞ የሚከርም ማሽን ዕዳ ነው። ተስፋዬን የምጥለው በመጀመሪያ በለስ ላይ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የ460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ ማመንጫ የጣናን ውኃ በዋሻ አውርዶ ወደ በለስ ይለቃል፤ የተነደፈውም በአማካይ በሴኮንድ 77 ሜትር ኩብ ውኃ እንዲያሳልፍ ነው። ከዚያ ውስጥ ለመስኖ የሚጠለፈው ቢቀነስም፣ በመተከል የሚያልፈው በለስ ቀድሞ ያልነበረው የበጋ ጉልበት አግኝቷል። ሰው ሠራሽ የመስኖ ቦዮችም የሙትሪኩ ግንብ ዘመዶች ናቸው፤ ለሌላ ጉዳይ ተገንብተው ያለቁ፣ ጠርዛቸው የተስተካከለ፣ ግንድ የማይወርድባቸው፣ ተርባይን በሙሉ ወርዳቸው ሊገባባቸው የሚችል ናቸው። ሁለተኛው ዳቡስ ነው። ዳቡስ በላይኛው ተፋሰሱ ሰፊ ረግረግ አለው፤ ረግረግ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ወንዙ ከብዙዎቹ ጎረቤቶቹ ይልቅ የረጋ ነው። ያ ረግረግ ታርሶ ቢደርቅ ግን ወንዙም አብሮ ይለወጣል፤ ማመንጫ የሚመኝ ሰው ስለ ረግረጉ መጨነቅ ግድ ይለዋል።

አንድ ጠያቂ «ንጋት ሐይቅ ራሱ ትንሽ ባሕር አይደለምን? በእሱ ላይ ለምን ሞገድ አንይዝም?» ሊል ይችላል። ሐይቁ በእርግጥ ወደ 1,874 ስኩዌር ኪሎሜትር ይሰፋል። ነገር ግን ሞገድ ለማደግ ነፋስ ሳይቋረጥ የሚሮጥበት መቶዎች ኪሎሜትር ይፈልጋል፤ ንጋት በሸለቆዎች መካከል የተኛ ውኃ ነው። በነፋሻማ ቀን ግማሽ ሜትር የሆነ፣ በየ2 ሴኮንድ ተኩሉ የሚመላለስ ሞገድ ቢነሣ በአንድ ሜትር የሚሸከመው 300 ዋት ገደማ ነው። ከውቅያኖሱ 16 ኪሎዋት ጋር ሲነጻጸር ይህ ለማሽን አይበቃም። በዚያ ሐይቅ ላይ ለተንሳፋፊ የፀሐይ ሰሌዳ ቢታሰብ ይሻላል፤ ፖርቱጋል አልኬቫ ግድብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 5 ሜጋዋት አንሳፍፋለች፤ በንጋትም መስመሩም ተርባይኑም አጠገቡ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ከዚሁ ከፀሐይ የሚመጣው ነው። የፀሐይ ሰሌዳ ዋጋው ባለፉት ዓመታት እጅግ ወርዷል፤ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ጎርፍ አይወስደውም። ከወንዝ የራቀ መንደር ሁሉ ፀሐይን መምረጡ ትክክል ነው፤ እኔም ያንን እመክራለሁ። ክርክሬ ጠባብ ነው። በዚህ ክልል ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ሰማዩ በደመና ሲከደንና ሰሌዳው ሲደክም ወንዙ ከምንጊዜውም ይበረታል። የፀሐይ መንደር ለክረምቱና ለሌሊቱ ብሎ የሚገዛው ተጨማሪ ባትሪ ከሁሉ ዕቃ ፈጥኖ የሚያረጅ ነው። ወንዝ ዳር ላለ መንደር ሰሌዳውና ተርባይኑ በአንድ የመንደር የኤሌክትሪክ መረብ (ሚኒ ግሪድ) ላይ ቢጣመሩ ባትሪው ያንሳል። ዋናው መስመር ሲደርስም ተጣማሪዎቹ አይጣሉም፤ የገጠር መስመር ሲቋረጥ የጤና ኬላውን ማቀዝቀዣ ይጠብቃሉ።

ጎርፍስ? የዓባይ ገባሮች ክረምት ላይ ግንድ፣ የቀርከሃ ቁጥቋጦና አፈር ይዘው ይወርዳሉ። ይህ ተቃውሞ እውነተኛ ነው፤ ውኃ ውስጥ በሲሚንቶ የተተከለ ተርባይን የመጀመሪያውን ነሐሴ አያልፍም ብዬ እፈራለሁ። መልሱም ከሞገዱ ሰዎች የተገኘው ነው። ጄኔሬተሩን ከተንሳፋፊው በላይ ወይም ዳር ላይ አስቀምጥ፤ ከፊት ግንዱን ወደ ጎን የሚገፋ ሰያፍ ብረት አቁም፤ ወንዙ ከተወሰነ ምልክት ካለፈ ማሽኑን በገመድ ስበህ ዳር አስጠጋ። በዓመት ሁለትና ሦስት ሳምንት ኃይል መቅረቱ ማሽኑን ከማጣት ይሻላል፤ ማኅበረሰቡም ያንን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አሸዋው የማዞሪያውን ኩሽኔታ ይበላል፤ ስለዚህ በየዓመቱ የሚለወጥ፣ ርካሽና በአሶሳ ገበያ የሚገኝ ዕቃ መመረጥ ይኖርበታል። ጉማሬ የሚተኛበት ጥልቅ ውኃና ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚጥሉበት መታጠፊያም ከምርጫ ውጪ ናቸው፤ ይህንን ከመሐንዲሱ ይልቅ የወንዙ ዳር ሽማግሌዎች ያውቁታል።

የመጨረሻው ጥርጣሬ ስለ ሰው ነው፦ ማን ይጠግነዋል? ሲዳማ ውስጥ ጎበቾ በተባለ ስፍራ በጀርመን የልማት ትብብር ድጋፍ የተተከሉትን ዓይነት ጥቃቅን የውኃ ማመንጫዎች ያጠና ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጥያቄው የሚነሣው ከምረቃው ማግስት ነው። የተለየ ተስፋ የሚሰጠኝ ማሽኑ ቀላል መሆኑ ነው። ክንፉን ብየዳ የሚያውቅ ሰው ይቀጠቅጠዋል፤ ማርሹን የወፍጮ ቤት መካኒክ ይፈታዋል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ሠልጣኞች አንድ ማሽን ራሳቸው ሠርተው፣ ራሳቸው ሰብረው፣ ራሳቸው ቢያድሱት፣ ከውጭ ተገዝቶ ከሚመጣ አሥር የሚበልጥ ዋጋ አለው። ክፍያውም ነጻ መሆን የለበትም፤ ለናፍጣ ወፍጮና ለስልክ ቻርጅ ከሚወጣው ያነሰ፣ ግን ኩሽኔታውን የሚገዛ መሆን አለበት።

ሥራው የሚጀመረው በልኬት ነው፤ ለልኬቱም ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ አያስፈልግም። ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበትን ስፍራ መርጣችሁ በዳርቻው 30 ሜትር ለኩና ሁለት ካስማ ትከሉ። ደረቅ ቅል ከላይኛው ካስማ ቀደም ብላችሁ መካከሉ ላይ ጣሉና ከካስማ እስከ ካስማ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀበት ቁጠሩ። 30 ሴኮንድ ከሆነ ውኃው በሴኮንድ 1 ሜትር ይሄዳል፤ 20 ሴኮንድ ከሆነ 1 ሜትር ተኩል፤ 15 ሴኮንድ ከሆነ 2 ሜትር። የላዩ ውኃ ከውስጡ ስለሚፈጥን ያገኛችሁትን ፍጥነት በ0.85 አባዙት። ጥልቀቱንም በረጅም ሸምበቆ ለኩ። ይህንን በጥር፣ በመጋቢት፣ በሰኔና በነሐሴ፣ በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ደብተር ላይ ጻፉት። ከ30 ሴኮንዱ ቅል ይልቅ የ20 ሴኮንዱ ቅል ከሦስት እጥፍ በላይ ጉልበት ይነግራችኋል፤ በመጋቢት ከ25 ሴኮንድ በታች የሚያልፍበትና 2 ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው የዳቡስ ወይም የበለስ ቀጥተኛ ስፍራ ከተገኘ፣ የመጀመሪያው ተንሳፋፊ የሚታሰርበት ቦታ እሱ ነው።